ፓስታ ሰው አይጠብቅም

ፓስታ ቀርቦ፣ እንፋሎቱ ገና ፊት እያሞቀ፣ «ትንሽ እንጠብቃቸው እንጂ፤ መንገድ ላይ ናቸው» የሚል ሰው አይመቸኝም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ይህን የሚለው ሁልጊዜ ከቤቱ ሰው ሁሉ ደጉ ነው። ወይ አጎት ነው፣ ወይ የክርስትና አባት፣ ወይ የእድሩ ዳኛ። ይሉኝታው ከረሃቡ ይበልጣል። «መንገድ ላይ ናቸው» የተባሉት ሰዎች ገና ጫማቸውን ከአልጋ ሥር እየፈለጉ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ግን ማን ደፍሮ ሹካ ያነሣል?

እዚህ እኛ ዘንድ፣ ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው አገር፣ ምግብ ነው ሰውን የሚጠብቀው። ደንቡ እንደዚያ ነው። ወጥ ይጠብቃል፤ ዶሮ ወጥማ አድሮ ካልሆነ አይጣፍጥም የሚሉ ሞልተዋል። እንጀራ መሶቡ ተከድኖለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ የጤፍ ስታርች እንደ ስንዴ ቶሎ አይደርቅምና ምስጋናው ለጤፉ ነው። ጠላም ጠጅም ቀን በጨመሩ ቁጥር ይከበራሉ። ጩኮን ደግሞ ተዉት። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ታሽቶ ከተቀመጠ የሩቅ መንገደኛ ስንቅ ይሆናል፤ ባለቤቱ ደርሶ እስኪመለስ ምንም አይለውም። እንዲህ ባለ ትዕግሥተኛ ማዕድ መካከል ነው እንግዲህ ፓስታ የሚባል ቁጡ ምግብ የገባው።

ቁጡ ያልኩት በምክንያት ነው። ከውሃው ከወጣ በኋላ ያለው ዕድሜ በጣም አጭር ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እያንዳንዱ ዘንግ ለብቻው ነው። ትንሽ ቆይቶ ይጠጋጋል። ከዚያ ይያያዛል። ከዚያ ላዩ ይደርቅና ሥሩ አንድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሹካ የሚባል ነገር አይመልሰውም።

ይህን በደንብ ማየት የፈለገ ሐምሌ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሲመረቁ፣ አምቦ ይምጣ። በየሰፈሩ ሸራ ተወጥሯል፣ ዝናቡ ሸራው ላይ ይደበድባል፣ ከሸራው ሥር ረጅም ጠረጴዛ አለ። የቡፌ ሥርዓት በእኛ አገር እንዴት እንደተወሰነ እንጃ እንጂ ፓስታ ሁልጊዜ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሩዝ፣ ከዚያ ሰላጣ፣ ከዚያ አልጫ፣ ከዚያ ቀይ ወጥ፤ ሥጋው መጨረሻ ላይ። ሰው ሳህኑን በፓስታ ሞልቶ ሥጋው ጋ ቦታ እንዲያጣ የታሰበ ይመስለኛል። ደግ ያልሆነ ግን ብልህ አስተሳሰብ ነው።

ክዳኑ ተነሣ። ሰው ሳህን ያዘ። በዚህ ጊዜ አንዱ «ቆይ፣ ቆይ፤ ሽማግሌ ሳይመርቅ ይበላል እንዴ?» ይላል። ትክክል ነው፤ አይበላም። ሽማግሌው ከወንበራቸው ይነሣሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ በትራቸውን ይጨብጣሉ። ምርቃቱ በኦሮምኛ ይጀመራል፣ አማርኛ ጣልቃ ይገባበታል፣ ወደ ኦሮምኛ ይመለሳል። ለተመራቂው ይመረቃል። ለአስተማሪዎቹ ይመረቃል። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለመሬቱ፣ አሜሪካ ላለችው እህቱ፣ ወደ አረብ አገር ለሄደችው ለታናሿ፣ ሥራ ላጡት ሥራ፣ ትዳር ላጡት ትዳር። ሕዝቡ «አሜን!» ይላል። የልጁ እናት እሷም «አሜን» ትላለች፤ ዐይኗ ግን ከፓስታው ትሪ ላይ አልተነቀለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ የቀቀለችው እሷ ናት። በእያንዳንዱ አሜን ፓስታው አንድ ደረጃ እንደሚያያዝ ታውቃለች።

ምርቃቱ አልቆ የመጀመሪያው ሰው ጭልፋውን ሲያስገባ ሙሉው ትሪ አብሮ ተነሣ። ጭልፋውን ቢያራግፍ አይወርድም። በማንኪያ ቢደግፍ አይከፈልም። ኋላ የቆሙት እየሳቁ ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩትና «ይኸው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው» አሉ። ሳቁ ሸራውን አነቃነቀው። እናትየው ግን አልሳቀችም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከድስቱ ነውና።

ደረቅ ፓስታ ፈልቶ በሚንደቀደቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ላዩ ያለው ስታርች ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል። እንደ ሙጫ ያደርገዋል። ዘንጎቹ በዚያች ሰዓት ተነካክተው ከተኙ እዚያው ይጋባሉ፤ በኋላ ፍቺ የለም። ስለዚህ ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ናቸው፤ በእነሱ ጊዜ ማንኪያ ከድስቱ መውጣት የለበትም። ሁለተኛው ጉዳይ የውሃው መጠን ነው። ጣሊያኖቹ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃ ይላሉ። አንድ ግማሽ ኪሎ እሽግ 5 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። እስቲ ይህን አስቡት። 5 ሊትር ውሃ ማለት የቢጫዋ ጀሪካን ሩብ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ሙሉ ተሸክማ የመጣች ሴት ሩቡን ለፓስታ ቀቅላ በማጥለያ ታፈሰው ቢሏት ምን እንደምትመልስ አውቃለሁ። እዚህ አይጻፍም።

ሦስተኛው ጉዳይ ደግሞ ማንም የማያስበው ነው። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ በባሕር ጠለል ልክ ባለ አገር በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው 300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ አምቦ ላይ የሚንደቀደቀው ውሃ 93 ዲግሪ ነው። ወደ ወንጪ ሐይቅ ሽቅብ ወጥቶ 3,000 ሜትሩን ያለፈ ሰው ድስቱን ቢጥድ ከ90 ብዙም አያልፍለትም። ታዲያ እሽጉ ላይ «8 ደቂቃ» ብሎ የጻፈው ሰው ኔፕልስ ባሕሩ ዳር ተቀምጦ ነው የጻፈው። የእኛን ዳገት አልወጣም። በእኛ ውሃ ስምንቱ ደቂቃ ሲሞላ የፓስታው መሐል ገና ነጭ ነው። መሐሉ እስኪበስል ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በዚያ ትርፍ ጊዜ ላዩ ስታርቹን እየለቀቀ ውሃውን ያነጨዋል። ተንሸራታችም ተጣባቂም ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ሚስት ትወቀሳለች። የመሬቱን ከፍታ የሚወቅስ አላየሁም።

መፍትሔው ላይ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሏል። የዘይት ወገን እና የቀዝቃዛ ውሃ ወገን። ሁለት ጎረቤታሞች ቡና ላይ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ ክርክሩ አቦል ላይ ተጀምሮ በረካ ላይም አላለቀም።

«ውሃው ላይ ዘይት ጠብ ካላደረግሽማ ምኑን ቀቀልሽው?»

«እኔ በዚህ ዋጋ ዘይት ለውሃ አልሰጥም። ሲበስል በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ነው የማወጣው።»

«ለቅለቅ? ልብስ ነው እንዴ!»

«አንቺስ? ድስት ልትቀቢ ነው እንዴ ዘይቱን?»

ሁለቱም በመልካም ጎረቤትነት ተሳስተዋል። ዘይት ከውሃ በላይ ይንሳፈፋል፤ ፓስታው ሥር ነው ያለው። አይተዋወቁም። ማጥለያው ላይ ሲገለበጥ ዘይቱ ቀድሞ ከውሃው ጋር ወደ ቱቦ ይሄዳል። አንድ የሚጠቅመው ነገር አረፋው ገንፍሎ ምድጃውን እንዳያጠፋ ማድረጉ ነው። ማለቅለቁ ደግሞ እውነት ነው፣ ሙጫውን አጥቦ ይወስደዋል፤ ግን ስጎው የሚይዘው በዚያው ሙጫ ነው። የታጠበ ፓስታ ላይ ስጎ ሲፈስ ሸርተት ብሎ ሳህኑ ግርጌ ይጠራቀማል፤ በላይ ነጭ ፓስታ፣ በታች ቀይ ኩሬ። ለሰላጣ የሚሆን ቀዝቃዛ መኮሮኒ ከሆነ ይታጠብ። ለስጎ ግን አይታጠብም። አጥልሎ ሳይውል ሳያድር ስጎው ድስት ውስጥ መገልበጥ፣ ከተቀቀለበት ውሃ አንድ ሲኒ አስቀርቶ ሲደርቅ ጠብ ማድረግ፤ ሌላ ብልሃት የለውም። ይህን ለሁለቱ ጎረቤታሞች ለመንገር ሞክሬ «አንተ ደግሞ ወንድ ልጅ ኩሽና ምን አገባህ» ተብያለሁ። በዚህ ላይ ሁለቱ ተስማሙ።

የአምቦ ልጅ በውሃ ጉዳይ ከሁሉም አውቃለሁ ባይ ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታሸገ አገር ምድሩን ያዳረሰው ውሃ የከተማውን ስም ይዞ ነው የዞረው። ሌላ ከተማ ስሙን በሐውልት ያስጠራል፤ እኛ በጠርሙስ። አንድ የዘመዳችን ልጅ በዚህ ኩራት ተነሣስቶ ፓስታ በአምቦ ውሃ ቀቀለ። አስተሳሰቡ እንዲህ ነው፦ ውሃው ሳይጣድ እየፈላ ነው፤ የሥራው ግማሽ አልቋል ማለት ነው። ጣደው። ፈላ፣ ገነፈለ፣ ከሰሉን አጠፋ። እንደገና አቀጣጥሎ ጨረሰው። የወጣው ነገር ላዩ የተልባ ውሃ የተቀባ ይመስል ነበር።

ልጁ ባያውቀውም ነገሩ ምክንያት አለው። አምቦ ውሃ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ሲሞቅ ጋዙ ተንኖ ይሄዳል፣ የሚቀረው ውሃ ቤኪንግ ሶዳ የተጨመረበት ያህል አልካላይ ይሆናል። አልካላይ ውሃ ደግሞ የፓስታውን ላይ እያላቀቀ ስታርቹን በብዛት ያስወጣዋል። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃም ቢሆን በመጠኑ እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ትንሽ የሎሚ ጭማቂ ውሃው ላይ ጠብ ማድረግ። አምቦን ለመጠጥ፣ ሎሚን ለድስት።

የስንዴውንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ ፓስታ እንግዳ ነው ሲባል የምስቅበት ጉዳይ ነው። ፋብሪካውን፣ ስጎውን፣ «ፓስታ» የሚለውንም ስም ጣሊያን አመጣው፤ በተለይ ከ1928 እስከ 1933 በነበረው ወረራ ዘመን ከተማ ለከተማ ተስፋፋ። ጥሩ ፓስታ የሚሠራበት ዱረም የሚባለው ጠንካራ ስንዴ ግን ለደጋችን እንግዳ አይደለም። ገበሬዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲዘሩት ኖረዋል። ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የእፅዋት ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. መጥቶ በየገበያው የስንዴ ዘር ሲለቅም ያየው የዝርያ ብዛት አስደንቆት ነው የተመለሰው። ጠንካራው ስንዴ ፕሮቲኑ ስታርቹን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሲቀቀል ቅርጹን አይለቅም። ከዳቦ ስንዴ የተሠራ ፓስታ ግን ቶሎ ይላላል። ሱቅ ውስጥ ርካሹን እሽግ አንሥቶ «ለምን ተጣበቀ» የሚል ሰው መልሱ እጁ ላይ ነው።

ሴቶቻችን ደግሞ ስንዴ እንዳይጣበቅ ማድረግ ከማንም አልተማሩም። ንፍሮ ቀቅለው ተጣብቆባቸው ያውቃል? አያውቅም፤ ፍሬው ቆዳውን ስላልገፈፈ ስታርቹ ውስጡ ታስሯል። ቂንጬ ተከክቶ ስለሚቀቀል ሙጫ ያወጣል፤ ቅቤ ጣል ይደረግበትና ፍሬ ፍሬው ይለያያል። ጭጭብሳማ የዚህ ጥበብ ዘውድ ነው። ቂጣው ተቆራርሶ በትኩሱ በቅቤና በበርበሬ ይታሻል፤ እያንዳንዷ ቁራሽ የቅቤ ካባ ለብሳ ከጎረቤቷ ሳትጣበቅ ትቀመጣለች። ቅቤው የሚገባው ከእሳት ከወጣ በኋላ፣ ቁራሹ ላይ ነው እንጂ ሊጡ የተቦካበት ውሃ ላይ አይደለም። አያቶቻችን ያን ያህል ያውቁ ነበር። ፓስታ ሲመጣ ግን የፈረንጅ ምግብ ነው ብለን ዕውቀታችንን ከኩሽናው ደጃፍ አስቀመጥነው፤ ዘይቱንም ውሃው ውስጥ ጨመርነው።

ፓስታ የላጤ ምግብ ነው ይባላል፤ ላጤ የሚኖረው ደግሞ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጪ ቤት የተከራዩ ሦስት ተማሪዎች ፓስታ ጣዱ። በአራተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። ይህ እንግዲህ የሊቃውንት ጉባኤ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ቢያወጡት ጥሬ ነው። ቢተዉት ውሃው ትኩስ ስለሆነ እያበጠ ይሄዳል። አንደኛው «ይውጣ» አለ። ሁለተኛው «አሁን ይመጣል» አለ። ሦስተኛው በስልኩ መብራት እያበራ ድስቱን ያያል። ከሰል የለም፤ ከሰል ያላቸው አከራይዋ ደግሞ የሁለት ወር ኪራይ ያልተከፈላቸው ስለሆኑ በራቸው አይንኳኳም።

መብራቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መጣ። ክዳኑን ሲከፍቱ ፓስታ የሚባል ነገር የለም። ገንፎ ነው። አንደኛው ተማሪ የቶኬ ልጅ ነው፤ ነገር አላበዛም። ድስቱን አወረደ፣ በማንኪያ አማሰለው፣ መሐሉን ጎድጎድ አደረገ፣ ከቤት የተላከለትን ቅቤና በርበሬ ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሰ። ገንፎን በኦሮምኛ ስሙ ጠርቶ «ማርቃ ነው፤ ብሉ» አለ። በሉት። በቀጣዩ ሳምንት መብራት ሳይሄድ እንደዚያ እንዲሠራ ለመኑት ብሎ ያወራ ሰው አለ፤ እሱን አላምነውም።

ጾም ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሑዳዴ ፓስታ በቲማቲም የብዙ ቤት አለኝታ ነው። ችግሩ የሚጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የቤቱ እመቤት ቅዳሴ ሳትሄድ ልትሠራው ትፈልጋለች፤ የሚበላው ከቅዳሴ መልስ ነው። ፓስታው ስድስት ሰዓት ሙሉ ድስቱ ውስጥ ይጾማል። ብልሆቹ ቲማቲሙን ብቻ ሠርተው ይሄዳሉ፣ ፓስታውን ተመልሰው ይቀቅላሉ። የተራቡት ባሎች ደግሞ በዚያች ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ኩሽና በር ላይ ቆመው «አልደረሰም?» ይላሉ። ስምንት ሳምንት የታገሠ ሰው ዐሥር ደቂቃ መታገሥ ያቅተዋል።

የተማሪ ምሳ ዕቃ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የታሸገ ፓስታ እኩለ ቀን ላይ ሲከፈት የምሳ ዕቃውን ቅርጽ ይዞ ነው የሚወጣው። አራት ማዕዘን፤ ጠርዙ ሳይቀር። ልጆቹ ሹካውን መሐሉ ላይ ሰክተው ሙሉውን አንሥተው ዳር ዳሩን ይገምጣሉ። ስታርቹ ቀዝቅዞ ስለጠጠረ ነው፤ ቢሞቅ መልሶ ይለሰልሳል፣ ግን ትምህርት ቤት ማን ያሞቅለታል? የገባቸው እናቶች ስፓጌቲውን ትተው መኮሮኒ ይልካሉ፤ አጭር ስለሆነና ቱቦው ክፍት ስለሆነ እንደ ረጅሙ ገላ ለገላ አይተኛም። ሌሎቹ ስፓጌቲውን ሦስት ቦታ ይሰብሩታል። ጣሊያን ይህን ቢያይ ያለቅሳል ይባላል። ያልቅስ። የአንደኛ ክፍል ልጅ በምሳ ዕቃ ክዳን ላይ ስፓጌቲ እንዲጠቀልል የሚጠብቅ ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ፓስታን በእውነት የገዙት አንዲት ሴት ናቸው። መናኸሪያው አካባቢ ምግብ ቤት አላቸው። ደንበኛው ሁሉ «አደ» ይላቸዋል፤ ሹፌሮቹ ደግሞ «እናቴ»። የመኪና ሰዓት አያስተኛቸውም። ከጉደር የመጣው አንድ ጊዜ፣ ከጌዶ የመጣው ሌላ ጊዜ፣ ለአዲስ አበባ የሚጭነው በማንኛውም ጊዜ ይገባል፤ የገባ ሁሉ ደግሞ «ፓስታ፣ ቶሎ!» ይላል።

አሠራራቸውን ቆሜ አይቻለሁ። ትልቁን ብረት ድስት ጥደዋል፤ ውሃው ሲፈላ ጨው በእፍኝ ይወረውራሉ። ፓስታውን አንድ ጊዜ አያፈሱትም፤ በእጃቸው ዘርግተው እንደ አበባ ይበትኑታል፣ ወዲያው በረጅም የእንጨት ማማሰያ ከሥር ወደ ላይ ያነሡታል። በዚህ ጊዜ ማንም ቢጠራቸው አይመልሱም። አስተናጋጇ «አደ፣ ሁለት ስጎ፣ አንድ ጾም!» ብላ ብትጮህ አይሰሙም። ትንሽ ቆይተው አንዲት ዘንግ አውጥተው ጥፍራቸው ላይ ይሰብሯታል፤ መሐሏ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ነጭ ከቀረች «በቃ» ይላሉ። ሙሉ በሙሉ አላበሰሉትም ማለት ነው። ያጠልሉታል፣ በሰፊ ትሪ ላይ ይዘረጉታል፣ ዘይት በመዳፋቸው ቀብተው በሁለት እጅ እያነሡ ይበትኑታል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑታል፤ ነፋስ አያገኘውም፣ አይደርቅም። ጎን ላይ ሌላ ድስት ውሃ ከጠዋት እስከ ማታ እየፈላ ነው። ትእዛዝ ሲመጣ አንድ እፍኝ በወንፊት ይዘው ከዚያ ውሃ ነከር ያደርጉታል፣ የቀረችው ነጥብ እዚያ ትበስላለች፣ ስጎው ላይ ይገለበጣል፣ ይቀርባል። መኪናው ጡሩምባ ሳይነፋ።

«ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«ሹፌር» አሉ። «ሹፌር ቢጠብቅ ሌላ ቤት ይሄዳላ።»

ደንበኞቹ ፓስታውን ሲበሉ ሳይም የገረመኝ ነገር አለ። ተጣበቀ ብሎ የሚያለቅሰው ሹካ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ሹካ የሚፈልገው የተለያየ፣ የሚሽከረከር፣ የሚንሸራተት ፓስታ ነው። ሹፌሮቹ ግን «እንጀራ አምጪ» ይላሉ። ፓስታውን እንጀራ ላይ ያስገለብጣሉ፣ ከዳሩ ቆርሰው ይጠቀልሉታል። እዚህ ላይ ትንሽ የተያያዘ ፓስታ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ተፈላጊ ነው። የተለያየው ከጣት መካከል እየሾለከ ጢም ላይ ይንጠለጠላል፣ ሸሚዝ ላይ ቀይ መስመር ያሰምራል። የተያያዘው ግን እንደታዘዘ ይጠቀለላል፣ ለጉርሻም ይመቻል። ለጓደኛ የለየለት ስፓጌቲ ማጉረስ የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ግማሹ አፍ ውስጥ፣ ግማሹ አገጭ ላይ፣ ጎራሹ ዐይኑን ጨፍኖ እየሳበ፣ አጉራሹ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት።

ሰሞኑን እዚያው ምግብ ቤት አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ገባ። የተዘረጋውን ትሪ በኩሽናው በር አሻግሮ አየው።

«ይቅርታ እናቴ፣ የተቀቀለ አልፈልግም። አዲስ ይቀቀልልኝ።»

«ይቀቀልልሃል ልጄ። መኪናህ ስንት ሰዓት ነው?»

«አሁን ሲሞላ ይወጣል።»

«ስንት ሰው ቀረው?»

«አራት።»

አደ ወደ ውጭ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩ። ረዳቱ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ ይጮሃል። ውሃ ጣዱለት። ወጣቱ ስልኩን እያየ፣ መኪናውን እያየ፣ ድስቱን እያየ ተቀመጠ። ውሃው ፈላ። ፓስታው ገባ። አደ አማሰሉ። ረዳቱ «አንድ ሰው!» አለ። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ሹፌሮች ትሪው ላይ ከተዘረጋው በልተው፣ ከፍለው፣ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ወጡ። አንደኛው የእሱ መኪና ሹፌር ነበር።

ጡሩምባው ሲነፋ ፓስታው ገና ወጥቶ እየተጠለለ ነው። አደ ስጎውን ገለበጡበት፣ በፌስታል አሰሩለት፣ በሌላ ፌስታል ደገሙለት።

«ጊንጪ ከመድረስህ በፊት ብላው» አሉት። «ከጊንጪ ካለፍክ ግን እንጀራ ፈልግለት።»

አንድ እንጀራ ጠቅልለው ጨመሩለት። ሒሳብ ሲጠይቃቸው የእንጀራውን አልቆጠሩበትም።